ለጥር ሰርግ የደረሰ አበባ፦ የአንድ የደሴ ግቢ የጉዳይ ጥናት

ደሴ ውስጥ በመስከረም አበባ ማሳመር ሙያ አይጠይቅም። መሬቱ ጠጥቶ ጠግቧል። ፀሐይ ተመልሳለች። አደይ አበባ ሳይዘሩት በየአጥሩ ሥር ይፈነዳል፤ ዳልያውም አበባው ከብዶት ይጎነበሳል። ፈተናው ጥር ነው። ክረምቱ ከወጣ አራት ወር ሊሞላው ነው፤ መሬቱ ደርቋል፤ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፤ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው። ሰርግ የሚደገሰው ግን በጥር ነው።

ይህ የአንድ ግቢ ጉዳይ ነው። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ስማቸውን ትቼ ሰፈሩ እንደሚጠራቸው «እትዬ» እላቸዋለሁ። የመጨረሻ ልጃቸው ከጥምቀት በኋላ ልትዳር ቀን ተቆርጦ ነበር። ዳሱ እዚያው ግቢ ውስጥ ይጣላል። እትዬ ደግሞ አንድ ነገር ቆርጠዋል። «ሠላሳ ዓመት አበባ ስኮተኩት ኖሬ፣ ለልጄ ሰርግ የላስቲክ አበባ አላስሰቅልም» አሉ። እኔ ሥራዬ ችግኝ ማፍላት ስለሆነ በሐምሌ አስጠሩኝ። ከዚያ እስከሚቀጥለው ሐምሌ ድረስ የሆነውን ነው የምተርከው።

ግቢው

ቤቱ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ተዳፋት ላይ ነው። ከላይ በረንዳ ያለው ቤት፣ ከታች መንገዱን ይዞ የሚሄድ የድንጋይ ግንብ፣ በመካከል አበባው። የላይኛው አፈር ቀላ ያለና ጠጠር የበዛበት ነው። የታችኛው ዋልካ ነው፤ በክረምት ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል።

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ይሆናል። በየመቶ ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚለዋወጥ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል አራት ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። አራት ዲግሪ ለሰው ሹራብ የመልበስና ያለመልበስ ጉዳይ ነው። ለቡገንቪሊያ የመኖርና ያለመኖር ነው። ኮምቦልቻ ላይ ጣሪያ ወጥቶ የሚንቀለቀለው ተክል ደሴ ሲመጣ አንገቱን ይደፋል። እትዬ ይህን በደንብ ያውቁታል። ኮምቦልቻ ያሉት አክስታቸው በመጡ ቁጥር አንድ ይዘውላቸው ይመጣሉ።

እትዬን ለዓመታት ያሳሳታቸው ሌላ ነገር ነበር። እህታቸው ከጀርመን የአበባ ዘር ትልክላቸዋለች። ዘሩ ጥሩ ነው። ጣጣው ፓኬቱ ላይ የተጻፈው የመዝሪያ ወር ነው። እዚያ ያለ ሰው ቀን መቁጠሪያውን የሚያወጣው ከብርድና ከሙቀት ነው። መሬቱ በክረምታቸው ይቀዘቅዛል፣ ውርጩ ጸደዩ እስኪጋመስ ድረስ ያሰጋል፣ ከዚያ ይዘራል። እኛ ጋ ቀዝቃዛው ወርና ሞቃቱ ወር በአማካይ ቢለያዩ በጥቂት ዲግሪ ነው። ከዚያ የሚበልጠው በአንድ የበጋ ቀን ውስጥ በቀትርና በንጋት መካከል ያለው ልዩነት ነው። የእኛን ዓመት የሚከፍለው ውሃ ነው፤ በላዩ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር የሚያሰጋው የሌሊት ውርጭ ይጨመርበታል። እትዬ በፓኬቱ መሠረት ሚያዝያ ላይ ይዘሩ ነበር። የበልግ ዝናብ ያበቅልላቸዋል፤ ግንቦት ላይ ዝናቡ ይቆማል፤ ችግኙ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ይደርቃል። በየዓመቱ። ጥፋቱን ዘሩ ላይ ነበር የሚጥሉት።

ሐምሌ፦ የታችኛው ጥግ

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን የታችኛው ጥግ ጽጌረዳዎች ቢጫ ሆነው፣ ቅጠላቸው ጠውልጎ ነበር። ቤት የምታግዛቸው ልጅ በጆግ ውሃ እያጠጣቻቸው ደረስኩ። በሐምሌ፣ ያውም ደሴ! ግን አልፈርድባትም። ውሃ የጠማው ተክልና ሥሩ ውሃ ውስጥ የታፈነ ተክል ላይ ላዩን ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው። ሥር እንዲሠራ አየር ይፈልጋል። በአፈሩ ቀዳዳ ውስጥ የነበረውን አየር ውሃ ሲያስወጣው ሥሩ ይታፈንና ውሃ መሳብ ያቆማል። ስለዚህ ውሃ መሃል ቆሞ ይጠወልጋል።

አንዷን ነቀልናት። ሥሯ ጠቁሯል። በሁለት ጣት ይዤ ሳብ ሳደርገው ልጡ ተንሸራቶ እጄ ላይ ቀረና መሃሉ ላይ ቀጭን ክር ብቻ ተረፈ። ሽታው የከረመ ኩሬ ሽታ ነው። ከላይኛው መደብ ደግሞ ጤነኛ ሥር ጫር አድርጌ አሳየኋቸው፤ ውስጡ ነጭ ነው።

ይህን ስናይ ጎረቤታቸው ሐጂ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። ሐጂ እድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ ቦሩ ሜዳ አካባቢ እርሻ ላይ ያደጉ ሰው ናቸው።

«መምህርት፣ ይኼ ጥግ እኮ ታኅሣሥም ላይ ነው የሚያቃጥልብዎ» አሉ።

እትዬ ትንሽ አሰቡና «እውነትዎን ነው ሐጂ። አምና ውርጭ የመታው ይኸው ጥግ ነው» አሉ። ያን ጊዜ ግን ክፉ ዓይን ነው ብለው ነበር አሉ፤ ቀልድም ቁም ነገርም የተቀላቀለበት ነው።

ከዚህ በኋላ የሠራነውን ሥራ ሁሉ የመራው ይህ የሐጂ ንግግር ነው። ክረምት ውሃ የሚያቁርበትና በጋ ውርጭ የሚመታው ቦታ አንድ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ሰማዩ ጥርት ባለ፣ ነፋስ በሌለው ሌሊት መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች። መሬቱን የነካው አየር ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከሞቃቱ ይከብዳል። ስለዚህ በተዳፋቱ ቁልቁል ይወርዳል። ሲወርድ ግንብ ካገኘ ይቆማል፤ ይጠራቀማል። የእትዬ የድንጋይ ግንብ በክረምት ጎርፉን፣ በበጋ ብርዱን ሲገድብ ኖሯል።

ስለዚህ ሥራው በግንበኛ ተጀመረ። ከግንቡ ግርጌ ሜትር ተኩል ያህል ወርድ ያለው ቦታ ፈርሶ ፍርግርግ ብረት ተተካበት። ከመደቡ ሥር 40 ሴንቲ ሜትር የጠለቀ ቦይ ተቆፍሮ ጠጠር ተሞላበትና ወደ መንገዱ ዳር ቦይ እንዲወጣ ተደረገ። የታች ጎረቤት ግቢ ላይ ቢሆን ኖሮ ይህን አልመክርም ነበር፤ ያንተን ጎርፍ ሌላ ሰው ደጅ ላይ መልቀቅ ደሴ ውስጥ ቀልድ አይደለም። እትዬ «ውሻ ይገባል» ብለው ተሟግተው ነበር። የፍርግርጉን ብረት ጠበብ አደረግነው፣ አለቀ።

መደቡን ደግሞ በድንጋይ ከበን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አደረግነው። እዚህ ላይ ሰፈሩ ሁሉ አማካሪ ሆነ። አብዛኛው ሰው «የቦርከና አሸዋ ጨምሩበት» አለ። ዋልካ ላይ ጥቂት አሸዋ ጨምሮ ማቡካት ግን ነገሩን ያባብሰዋል፤ ሲደርቅ ይበልጥ ይጠነክራል። አሸዋ ለውጥ እንዲያመጣ ከአፈሩ ግማሽ ያህል መሆን አለበት፣ ያን ያህል ደግሞ ማን ይጭናል? የከረመ ፍግና ብስባሽ ነው የተጠቀምነው። የቡና አተላም ገባበት። ወሎ ቤት ውስጥ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ በቀን ስንቴ እንደሚፈላ ለሚያውቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አተላውን ግን ጥሬውን ሥር ላይ መከመር አይገባም፤ ብስባሹ ውስጥ ገብቶ ከርሞ ይምጣ።

ከሰርጉ ወደ ኋላ መቁጠር

ሰርጉ ጥር 20 አካባቢ ነው። ዋናው ጨዋታ እያንዳንዱ አበባ ከዘር ወይም ከግርዘት እስከ ፍንዳታ ስንት ጊዜ እንደሚፈልግ አውቆ ከዚያ ቀን ወደ ኋላ መቁጠር ነው። የአበባ እርሻዎች ለየካቲቱ የፍቅረኞች ቀን ገበያ የሚደርሱት በዚሁ መንገድ ነው። ጽጌረዳ ከተገረዘ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ያብባል። ሌሊቱ ሲበርድ ይዘገያል።

ብርዱ ብርቱ በሆነበት አገር ጽጌረዳ በቅዝቃዜ ቅጠሉን አራግፎ ያንቀላፋል። ደሴ ላይ አያንቀላፋም። ዓመቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ያብባል፤ አንድም ጊዜ ሞልቶ አይታይም። ስለዚህ እረፍቱን የምንሰጠው እኛ ነን። ከጥቅምት ማገባደጃ ጀምሮ ውሃ ቀነስንበት። ከዚያ ግማሾቹን ኅዳር 12፣ የቀሩትን ኅዳር 22 ገረዝናቸው። ቀጫጭኑንና ወደ ውስጥ የሚያድገውን ቅርንጫፍ አውጥተን፣ ጠንካራውን ወደ ውጭ ከሚያይ ዓይን (አዲስ ቀንበጥ ከሚወጣበት ነጥብ) ጥቂት ከፍ ብለን ሰያፍ ቆረጥነው። ከዚያ ውሃውንና ፍጉን መለስንለት።

በሁለት ዙር መግረዙን እትዬ መጀመሪያ አልወደዱትም። «ሁሉም አንዴ ይፈንዳ» ነው የሚሉት። እኔ ብርዱን አላምነውም። እንደተፈራውም የመጀመሪያው ዙር ቀደመና ለጥምቀት ፈነዳ። ሁለተኛው ዙር ነው የሰርጉ ዕለት ልክ ግማሽ የተከፈተው። በአንድ ዙር በኅዳር 12 ብቻ ሠርተን ቢሆን ኖሮ ሙሽራዋ የምትገባው ቅጠሉ በረገፈ መደብ መሃል ነበር።

ከዘር የሚመጡትን በተመለከተ፣ ቀላል ውርጭ የሚችሉትን መረጥን። ካሌንዱላና ስናፕድራገን። ስናፕድራገን ዘሩ ትቢያ ነው፤ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል፤ አፈር ካለበሱት አይወጣም። ነሐሴ ማለቂያ ላይ በረንዳው ሥር በሳጥን ዘራነው። አፈሩን በእጅ ጠፍጠፍ አድርጎ፣ ዘሩን ላዩ ላይ በትኖ፣ ከታች በትሪ ውሃ እንዲስብ ማድረግ ነው። ከላይ ውሃ ካፈሰሱበት ዘሩ ጥግ ይዞ ይከማቻል። ችግኙ ጣት ሲያህል ጫፉን ቀነጠብነው፤ ያኔ ጎን አውጥቶ ይሰፋል። ካሌንዱላው ቀላል ነው። ጥቅምት አጋማሽ ላይ እዚያው መደቡ ላይ ተዘርቶ በታኅሣሥ መጨረሻ ማበብ ጀመረ። ያረጀውን አበባ ቶሎ ቶሎ ከቀነጠቡለት አያቆምም፤ ዘር ከያዘ ግን ሥራው አለቀ።

ዳልያን ተዉት ብዬ ነበር። እትዬ እምቢ አሉ። መስከረም ላይ ከርክመው ውሃ እየሰጡ ሊያቆዩት ሞከሩ። ዳልያ የሜክሲኮ ደጋ ልጅ ነው። አገሩም እንደኛው በክረምት ዝናብ፣ በበጋ ድርቅ ነው፤ ለዚህ ነው ደሴን እንደ ቤቱ የሚቆጥራት። ግን ቀኑ ሲያጥር ኃይሉን ከአበባ ወደ ሥር ያዞራል፤ እዚያ ታች ድንቹን ያወፍራል። ኅዳር ላይ ጥቂት የመነመኑ አበቦች ሰጠ። ከዚያ ውርጩ ጨረሰው። በእኔ በኩል ዳልያ ጥቅምት ላይ ምስጋናውን ተቀብሎ ቢተኛ ይሻለዋል።

አንድ ግቢ፣ ሁለት ፖይንሴቲያ

«የገና አበባ» የሚሉት፣ የላይኛው ቅጠሉ የሚቀላው ተክል አለ፤ ፖይንሴቲያ። እትዬ ሁለት አላቸው። አንዱ ከቤቱ ደቡባዊ ግድግዳ ሥር፣ ሌላው ከበሩ አጠገብ። እድሜያቸው እኩል ነው፣ ከአንድ ግንድ ተቆርጠው የተተከሉ ናቸው። ታኅሣሥ ላይ የግድግዳው ቀልቷል። የበሩ አረንጓዴ ነው። ጠጋ ብዬ ሳይ ግን በመንገዱ በኩል ያሉት ሁለት ሦስት ቅጠሎች መቅላት ጀምረዋል። በውስጥ በኩል ያለው ምንም።

በሩ ላይ የግቢ አምፖል አለ። ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። ፖይንሴቲያ እንዲቀላ ረጅም፣ ያልተቋረጠ ጨለማ ይፈልጋል። ደሴ ላይ ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ሌሊቱ ከቀኑ ይረዝማል፤ ታኅሣሥ ላይ ቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ያ በቂው ነው። አምፖሉ ግን ሌሊቱን ያቋርጥበታል፤ ተክሉም ገና ክረምት ነው ብሎ ቅጠል ማውጣቱን ይቀጥላል። አምፖሉን ማጥፋት ተጀመረ። እትዬ ለሌባ ፈርተው ነበር፣ ሐጂ «አብሽሩ፣ የኔ ግቢ መብራት ይበቃል» አሏቸው። ለሰርጉ ግን አልደረሰም። የቀላው የካቲት መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀለሙ እስኪመጣ ሁለት ወር ገደማ ይፈልጋልና።

ደቡባዊ ግድግዳ ያልኩት ለዋዛ አይደለም። እኛ አገር በታኅሣሥ ፀሐይ በደቡብ በኩል ዘንበል ብላ ነው የምትሄደው፣ በሰኔ ደግሞ በጥቂቱ ወደ ሰሜን ታልፋለች። ስለዚህ ወደ ደቡብ የሚያይ ግድግዳ ልክ በሚበርደው ወር ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፤ ሌሊት ደግሞ ያን ሙቀት ይመልሳል። የአክስትየው የኮምቦልቻ ቡገንቪሊያ የተረፈው እዚያ ነው። ሌላ ቦታ ተተክለው የነበሩት ሞተዋል።

ያቺ ሌሊት

ገና ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አመሻሽ ላይ ሐጂ በአጥር ተጣሩ። «መምህርት፣ ዛሬ ሰማዩ አላማረኝም። ነፋሱም ቆሟል። አልብሷቸው።»

ደመና ካለ ብዙም አያሰጋም፤ ደመናው ከምድር የወጣውን ሙቀት ይመልሰዋል። ነፋስ ካለም የላዩና የታቹ አየር ይቀላቀላል። ሁለቱም ሲጠፉ ነው የሚያስፈራው። እንዲህ ባለ ሌሊት የቴርሞ ሜትሩ ቁጥር ከዜሮ በላይ ቢሆንም ቅጠሉ ራሱ ከአየሩ በታች ሊቀዘቅዝ ይችላል።

ግቢው ውስጥ ያለ ጨርቅ ሁሉ ወጣ። የማዳበሪያ ከረጢት፣ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ያረጀ ጋቢ። በየመደቡ እንጨት ተክለን ጨርቁ ቅጠሉን እንዳይነካ አድርገን እስከ መሬት ድረስ ጣልነው። እስከ መሬት መድረሱ ዋና ነገር ነው፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከአፈሩ ነውና። ከላይ ብቻ ሸፍኖ ጎኑን መክፈት ባርኔጣ አድርጎ ልብስ አለመልበስ ነው። መደቡን ቀን ላይ ውሃ አጠጥተነው ነበር። እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ ሙቀት ይይዛል።

ጨርቅ አለቀና ታች ያሉትን ሁለት ጀሪካን ማሪጎልድ በላስቲክ ጠቀለልናቸው። ላስቲኩ ቅጠሉን ነክቷል።

ጠዋት አመዳዩ ፍርግርጉ ላይ፣ የጀሪካኑ አንገት ላይ፣ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ጨርቅ የለበሱት ደህና ናቸው። ላስቲኩ ሥር የነበረው ማሪጎልድ ላስቲኩ በነካበት በኩል ብቻ ሞቷል። ዳልያው ፀሐይ እስኪያገኘው ድረስ ምንም ያልሆነ መስሎ ቆሞ ነበር፤ ረፋድ ላይ ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን መሰለ። የታችኛው ጥግ ጽጌረዳዎች ጫፍ ጫፋቸው ተነካ፣ እምቡጡ ግን ተረፈ።

ግንቡን በመክፈታችን ነው ማለት ይቻላል? በአንድ ዓመት ተነስቶ እንዲያ ብሎ መደምደም ድፍረት ነው። አምና የነበረው ውርጭ የበረታ ሊሆን ይችላል። እኔ የማምነው ግን በግቢው ውስጥ ያየሁትን ነው። ፍርግርጉ ፊት ለፊት ያሉት ከተረፉት መሃል ናቸው፤ ሳይፈርስ በቀረው ግንብ ጥግ ያሉት ሁለቱ ሥሮች የባሰውን ተመቱ። የተቃጠለውን ጫፍ እትዬ ወዲያው ሊቆርጡት መቀስ አነሡ። አስጣልኳቸው። ቶሎ ከቆረጡት ለጋ ያወጣል፤ ለጋው ደግሞ ለሚቀጥለው ውርጭ ቀለብ ነው። የሞተው ጫፍ ውርጩ እስኪያልፍ ሥር ላለው ዓይን ከለላ ይሁን።

ዳስና አበባ

ከውርጭም ከክረምትም የባሰ ጠላት ዳስ ጣይ ነው። ባሕር ዛፍ ምሰሶውን ይዞ ይመጣል፣ ጉድጓድ የሚቀለው ቦታ ይፈልጋል። የሚቀለው ደግሞ እኛ ያለሰለስነው መደብ ነው። የእትዬ የወንድም ልጅ ካሌንዱላው መሃል ዶማ ሲያነሣ አይቻለሁ። ጩኸቱ አራዳ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ለዚህ ነው ከነሐሴ ጀምሮ አብዛኛውን በሚንቀሳቀስ ዕቃ የተከልነው። የዘይት ጀሪካን አንገቱ ተቆርጦ፣ የቀለም ባልዲ፣ ትልልቅ ጣሳ። ሥሩ በሚስማር ተበስቶ፣ ቀዳዳው ላይ የሸክላ ስብርባሪ ተደርጎ። ጀራንየሙ ሁሉ በዚህ ነው ያደገው። ጀራንየም ከአንድ ግንድ ቆርጦ፣ ቁስሉ እንዲደርቅ አንድ ቀን ጥላ ላይ አሳድሮ መትከል ነው። ውሃ ሲበዛበት ይበሰብሳል፤ ውርጭ አይችልም፤ በረንዳ ሥር ግን ዓመቱን ሙሉ ያብባል። ዳሱ ተጥሎ ካለቀ በኋላ ጀሪካኖቹን አውጥተን በግራና በቀኝ ደረደርናቸው። ጀሪካኑ እንዳይታይ እትዬ ሰሌን አለበሱት።

የውሃው ነገር ቀላል አልነበረም። ፈረቃው በደረሰ ቀን ሮቶው ይሞላል። ልብስ ያለቀለቁበት የመጨረሻው ውሃ ለጽጌረዳ ሄደ፤ ሳሙና የበዛበት የመጀመሪያው ግን አይሆንም፣ ጨውነቱ አፈሩን ያደነድነዋል። መደቡ ሁሉ ጭድ ተጎዘጎዘበት። በየቀኑ ትንሽ ከመርጨት በሳምንት ሁለቴ ሥሩ ድረስ ማጠጣት ውሃ ይቆጥባል፤ ሥሩም ወደ ታች ይወርዳል።

ሰርጉ ደረሰ፣ አማረ። የወንዱ ሚዜዎች ከመደቡ እየቀጠፉ ደረታቸው ላይ ሰኩ። ፎቶ አንሺው ጥሩ ማዕዘን ፍለጋ ስናፕድራገኑ ላይ ቆመ። እትዬ የዚያን ቀን ምንም አልተናገሩም። በማግስቱ ግን ተናገሩ።

በልግና ክረምት

የካቲት ላይ የተረፈውን የሞተ ጫፍ ቆረጥን። በልጉ መጋቢት ላይ ደህና ዝናብ ሰጠ። ወሎ በልግን ያውቀዋል፤ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። ስለዚህ ከጀርመኑ ዘር ያፈላነው ግንቦትን የሚያሻግር ውሃ ልናገኝለት የምንችለውን ያህል ብቻ ነው። የቀረውን ፓኬት እትዬ ለነሐሴ ቆለፉበት።

ሰኔ ላይ የዳልያው ድንች ወጣና ተከፋፈለ። ድንቹን ዝም ብሎ መክፈል አይበቃም፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ከአንገቱ ዓይን ይዞ ካልወጣ አይበቅልም። የጽጌረዳ ቅንጥብም የተተከለው ያኔ ነው፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ 15 እና 20 ሴንቲ ሜትር መካከል።

ክረምት የጽጌረዳ በሽታ ወቅት ነው። ቅጠል ላይ ጥቁር ክብ ነጥብ የሚያወጣው በሽታ ለመያዝ ቅጠሉ 7 ሰዓት ያህል እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ሐምሌ ላይ ያን ያህል እርጥበት ሞልቷል። የረገፈውን ቅጠል ለቅሞ ማቃጠል፣ ተክሉን አራርቆ መትከል፣ መሃሉን አየር እንዲያገኝ መግረዝ፤ ከዚያ በላይ የሚሠራ ነገር ብዙ የለም። በጥቅምት ደግሞ ነጩ፣ ዱቄት የሚያለብሰው ይመጣል። እሱ ደረቅ ቀንና ቀዝቃዛ ሌሊት ነው የሚመቸው። ቀንድ አውጣውን እትዬና ልጅቷ ማታ በሞባይል መብራት ይለቅሙታል። ዙሪያውን አመድ መበተን በደረቅ ቀን ይሠራል፣ በሐምሌ ግን ዝናቡ ያጥበዋል።

የታችኛው ጥግ በዚህ ክረምት ውሃ አላቆረም። አንዲት ጽጌረዳ ብቻ ቢጫ ሆነች፤ ያልፈረሰው ግንብ ጥግ ያለችው። ለነሐሴ ግንበኛው እንደገና ተቀጥሯል።

አንድ ነገር ቀርቷል። ለሰርጉ ከጀርመን የመጣችው እህታቸው ሃያ የቱሊፕ ሽንኩርት ይዛ መጥታ ነበር። ቱሊፕ እንዲያብብ ከ12 እስከ 16 ሳምንት እውነተኛ ብርድ ይፈልጋል፤ የደሴ ብርድ ሌሊት ይመጣና ቀን ይጠፋል፣ አይበቃውም። ያለው ምርጫ ፍሪጅ ነው፤ ያውም ፖም አጠገቡ ሳይቀመጥ፣ ፍሬው የሚያወጣው ጋዝ በውስጡ ያለውን እምቡጥ ይገድለዋልና። እትዬ ከየካቲት እስከ ሰኔ አንድ መሳቢያ ለቀቁለት። መብራት ሲሄድ ሲመጣ ከርሞ፣ ከሃያው አራቱ አበቡ፣ እሱም አጭር አጭር። ዘንድሮስ ትደግሙታላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ፍሪጁን ለሥጋ ነው የምፈልገው» አሉኝ።